ስለ ሰውነት መንቀጥቀጥ፤ የአንድ ምልክት ብዙ ምንጮች

በሰው ሥጋ ላይ ከሚታዩት እንቅስቃሴዎች ሁሉ ባለቤቱ ሳያዝዘው የሚጀምር፣ ተው ቢለውም የማይታዘዝለት፣ ተመልካቹ ግን ገና እንዳየው ትርጓሜ የሚሰጠው እንደ መንቀጥቀጥ ያለ የለም። እጁ ሲንቀጠቀጥ የታየ ሰው በችሎት ፊት የቆመ እንደ ሆነ በደለኛ፣ በጦር ሜዳ የተሰለፈ እንደ ሆነ ፈሪ፣ በማለዳ በመንገድ የተገኘ እንደ ሆነ ሰካራም፣ በጠበል ሥፍራ የታየ እንደ ሆነ ርኩስ መንፈስ የሰፈረበት፣ በቤተ መቅደስ ቅጽር የቆመ እንደ ሆነ ደግሞ ፈሪሃ እግዚአብሔር ያደረበት ይባላል፤ ይህ ሁሉ ፍርድ የሚሰጠው ሰውየው የቆመበት ቦታ ታይቶ ነው እንጂ የሚንቀጠቀጠው ሥጋ ራሱ ተመርምሮ አይደለም። ቋንቋችን ጕልበት ሲብረከረክ፣ ጥርስ ሲንገጫገጭ፣ ገላ ሲንዘፈዘፍ፣ ልብ ሲርድ እያንዳንዱን በየስሙ ለይቶ ለመጥራት የታደለ ነው፤ ከስሙ ቀጥሎ የሚመጣው ሥራ፣ ማለትም እያንዳንዱ ከየት እንደሚመነጭ መጠየቅ፣ ግን እንደ ስሙ ብዛት አልተደከመበትም። እኔም በዚህ ዳሰሳ ለማሳየት የምደክመው ይህንኑ ነው፤ የሚንቀጠቀጥ ሰው ብዙ ጊዜ ሥጋው አንድ ታላቅ ሥራ በመሥራት ላይ ያለ፣ ወይም ፈቃዱ የማይደርስበት ሕማም የያዘው ነውና፣ ምንጩ ሳይጠየቅ የሚሰጥበት ፍርድ ግፍ ነው። የማነሣቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ አስቀድሞ ይወቅልኝ።

ከምንጮቹ ሁሉ ግልጹ ብርድ ነው። ሊቃውንተ ቤተ ክርስቲያን ሰው ከአራቱ ባሕርያተ ሥጋ፣ ይኸውም ከመሬት፣ ከውሃ፣ ከነፋስና ከእሳት እንደ ተገኘ ሲያስተምሩ፣ እርስ በርሳቸው የሚጣሉት ባሕርያት በእግዚአብሔር ጥበብ ተስማምተው በአንድ ሥጋ ማደራቸውን በአድናቆት ያነሡታል፤ የዛሬው የሕክምና ትምህርትም ቃሉ ሌላ ቢሆንም፣ የሥጋ ሙቀት ከ37 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ግድም ብዙ ሳይርቅ ሊጠበቅ የሚገባው መሆኑን ሲያስረዳ ከዚሁ አድናቆት አይለይም። የዚህ ጥበቃ አለቃ ከአንጎል ሥር የምትገኝ ሃይፖታላመስ የምትባል ትንሽ ክፍል ናት። ከቆዳና ከደም የሚደርሳትን ወሬ ትቀበልና ብርዱ እንደ በረታ ባወቀች ጊዜ በመጀመሪያ በቆዳ ሥር ያሉትን የደም ሥሮች አጥብባ ሙቀቱን ወደ ውስጥ ትሰበስባለች፤ ጣት የሚገረጣው ስለዚህ ነው። ቀጥላ የገላን ጠጕር ታቆማለች፤ ይህ ወፍራም ጠጕር ላላቸው እንስሳት እንጂ ለሰው እምብዛም አይረባም። ያም አልበቃ ሲል ጡንቻዎች በፍጥነት እየተኮማተሩና እየተፈቱ፣ እጅ ሳያነሡ፣ እግር ሳያራምዱ፣ ያላቸውን ኀይል ሁሉ ወደ ሙቀት ብቻ እንዲለውጡት ታዝዛለች፤ በዚህም የሥጋ የሙቀት ምርት በዕረፍት ጊዜ ከነበረው እስከ አምስት እጥፍ ሊደርስ ይችላል። በስሜን ተራሮች ወይም በጉና አቀበት ላይ በማለዳ ከብት የሚጠብቅ እረኛ ጥርሱ ሲንገጫገጭ፣ የመንጋጋው ጡንቻዎች ሳይቀሩ ለሕይወቱ በመሥራት ላይ ናቸው ማለት ነው።

ይህ ሥራ ግን ስንቅ ይፈልጋል፤ ጡንቻ የሚያቃጥለው ምግብ ካጣ መንቀጥቀጡም ይደክማልና፣ የተራበ፣ ያረጀና የታመመ ሰው ከጠገበው ጎልማሳ ይልቅ ቶሎ ይቀዘቅዛል። አረቄ ብርድ ያባርራል የሚለው በደጋው አገር የተስፋፋው እምነትም በዚህ በኩል ጎጂ ነው፤ መጠጡ የቆዳን የደም ሥሮች ከፍቶ ደምን ወደ ላይ ስለሚያወጣ ጠጪው የሞቀው ይመስለዋል፣ የውስጥ ሙቀቱ ግን ወደ ውጭ ይባክናል፣ መንቀጥቀጡም ይዳከማል። ከሁሉ የሚያስፈራው ደግሞ መንቀጥቀጡ ራሱ ያቆመ ጊዜ ነው። የውስጥ ሙቀት ከ32 ዲግሪ በታች እየወረደ ሲሄድ ጡንቻዎቹ ዝም ይላሉ፣ አእምሮ ይደበዝዛል፣ አንዳንዱም ሊሞት ሲቃረብ የሞቀው መስሎት ልብሱን ያወልቃል፤ ስለዚህ በውርጭ ያደረ መንገደኛ ያገኘ ሰው መንቀጥቀጡ ሲቆም ተሻለው ብሎ ደስ ሊለው አይገባም። አዲስ የተወለደ ሕፃንም ብርድ ቢመታው እንደ ትልቅ ሰው አይንቀጠቀጥም፤ በትከሻዎቹ መካከልና በአንገቱ ዙሪያ ሙቀት የሚያመነጭ ቡናማ ስብ ፈጣሪው አኑሮለታልና እሱን ያነድዳል። ያ ስብ ጥቂት ስለ ሆነ ግን፣ አልተንቀጠቀጠም ብሎ መዘናጋት አይገባም፤ ወዲያው አድርቆ ከእናቱ ደረት ጋር ገላ ለገላ ማሳረፍ የአዋላጅ ሁሉ ግዴታ ነው። እናቲቱም እንደ ተገላገለች ባሉት ደቂቃዎች ብዙ ጊዜ ትንዘፈዘፋለች፤ ይህ የሚያልፍ ነገር ነው። ከቀናት በኋላ ከትኩሳት ጋር የሚመጣው መንዘፍዘፍ ግን የማኅፀን መመረዝ ምልክት ሊሆን ስለሚችል አንድ ሌሊት እንኳ ሊታደርበት አይገባም።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀው አየሩ ሳይበርድ የሚመጣው ብርድ ነው። በቆላ አገር፣ በቀትር ፀሐይ፣ ሁለት ጋቢ ተደራርቦለት እየተንዘፈዘፈ አሁንም ደርቡልኝ የሚል የወባ በሽተኛ ያላየ ኢትዮጵያዊ ጥቂት ነው፤ ገላው ግን ሲዳስሱት ይፋጃል። የሚፋጅ ሰው እንዴት ይበርደዋል? መልሱ የሚገኘው በዚያችው በሃይፖታላመስ ዘንድ ነው። ተሕዋስያን በደም ውስጥ ሲሰለጥኑ፣ የሥጋ ዘቦች የሆኑት ነጭ የደም ሕዋሳት የሚያመነጩት ንጥረ ነገር ወደ እርስዋ ደርሶ የሙቀቱን ልክ ከ37 ወደ 39 ወይም ወደ 40 ዲግሪ ከፍ ያደርግባታል፤ በዚያች ሰዓት የሰውየው ገላ በቀድሞው ልክ ጤነኛ ሳለ በአዲሱ ልክ ሲመዘን ቀዝቃዛ ሆኖ ይገኛል። እንግዲህ ድንገት ግብር የተጨመረበት አገር የጎደለውን ለመሙላት ያለውን ሁሉ እንደሚያዋጣ፣ ሥጋም አዲሱን ልክ እስኪሞላ ድረስ በመንዘፍዘፍ ሙቀት ያዋጣል። ልኩ ሲሞላ ብርዱ ይጠፋና ትኩሳቱ ይነግሣል፤ ልኩ ወደ ቀድሞው ሲመለስ ደግሞ የተረፈው ሙቀት በላብ ይወጣል። ብርድ፣ ትኩሳትና ላብ የተባሉት የወባ ሦስት ምዕራፎች ከዚህ የተነሡ ናቸው።

የጥንት ግሪኮች፣ ሂፖክራተስና የእርሱ ወገኖች፣ በየሦስተኛውና በየአራተኛው ቀን እየተመለሱ የሚያንዘፈዝፉትን ትኩሳቶች ለይተው ያውቁ ነበር፤ ቀጠሮውን የሚያስከብረው ማን እንደ ሆነ ግን ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ ተሰውሮ ኖረ። በ1880 አልፎንስ ላቭራን የተባለ የፈረንሳይ ጦር ሐኪም በአልጄርያ ሳለ ተሕዋስያኑን በወባ በሽተኛ ደም ውስጥ አየ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ኢጣልያዊው ካሚሎ ጎልጂ በፓቪያ ከተማ ሆኖ የበሽተኞቹን ደም በየሰዓቱ እየተከታተለ፣ መንዘፍዘፉ የሚነሣው ተሕዋስያኑ በቀይ የደም ሕዋሳት ውስጥ ተባዝተው ሕዋሳቱን ባንድ ጊዜ ሲያፈነዱ መሆኑን፣ አንደኛው ዘር ይህን የሚያደርገው በ48 ሰዓት፣ ሌላው ግን በ72 ሰዓት መሆኑን ገለጠ። በ1897 ሮናልድ ሮስ በህንድ አገር ትንኟን ከነገሩ ጋር አገናኛት። ይህን ሁሉ የማነሣው ስለ ታሪኩ ማማር ብቻ አይደለም፤ በአገራችን አብዝቶ የሚገድለው ፋልሲፓረም የተባለው ዘር ቀጠሮ ጠብቆ ማንዘፍዘፍን ብዙ ጊዜ የማያውቅ በመሆኑ፣ ነገ ሲያንቀጠቅጠው እናያለን እያለ በሽተኛውን በቤት የሚያቆይ ዘመድ መድኃኒት የሚያድንበትን ሰዓት ሊያሳልፍ ስለሚችል ነው። በ1958 ከከባድ ዝናብ በኋላ ወባው ከወትሮው ግዛቱ አልፎ በሽታውን ወዳልለመዱት ከፍተኛ ቀበሌዎች ወጥቶ፣ በኢትዮጵያ 3 ሚሊዮን ያህል ሰዎች እንደ ታመሙና 150,000 ያህል እንደ ሞቱ ተገምቷል። ያ ዘመን በየጎጆው ስንት ገላ እንደ ተንዘፈዘፈበት ለማሰብ እንኳ ልብ ይከብዳል።

ስለ ትኩሳት መንቀጥቀጥ ዓለም ካወቀው ነገር አንዱ ክፍል የተገኘው በአዲስ አበባ መሆኑን ብዙ ሰው አያውቅም። በቅማል የሚተላለፈው፣ ለቀቀ ሲሉት እየተመለሰ የሚያገረሸው ትኩሳት ድኾችን፣ ስደተኞችን፣ እስረኞችንና በጠባብ ጎጆ ታጭቀው የሚያድሩ የቆሎ ተማሪዎችን የሚያጠቃ በሽታ ነው። የዚህ ሕመም ጭንቅ ከመድኃኒቱ ጋር አብሮ ይመጣል፤ በሽተኛው ፔኒሲሊን ወይም ቴትራሳይክሊን ከወሰደ አንድ ሁለት ሰዓት በኋላ፣ ተሕዋስያኑ ባንድ ጊዜ ሲጠፉ፣ አልጋውን እስኪያናውጥ ድረስ ይንዘፈዘፋል፣ ትኩሳቱ ወደ ላይ ይወጣል፣ ከዚያም የደም ግፊቱ ወርዶ አንዳንዱ ይሞታል። አዶልፍ ያሪሽ በ1895፣ ካርል ሄርክስሃይመርም በ1902 ይህንኑ የመሰለ ነገር በቂጥኝ በሽተኞች ላይ አይተው ጽፈው ነበርና ክሥተቱ በስማቸው ይጠራል። ኤልድሪድ ፓሪ፣ ዴቪድ ዋረልና ፒተር ፔሪን የተባሉ ሐኪሞች በ1970 ግድም በአዲስ አበባ የበሽተኞቹን ልብና ደም በየደቂቃው እየተከታተሉ ነገሩን አብራሩት፤ በ1996 የወጣው ሌላ የአዲስ አበባ ጥናት ደግሞ ነጭ የደም ሕዋሳት ከሚያመነጯቸው ትኩሳት ጠሪ ንጥረ ነገሮች አንዱን የሚያግድ ፀረ አካል አስቀድሞ ቢሰጥ፣ ካልተሰጣቸው 29 በሽተኞች 26ቱ ሲንዘፈዘፉ ከተሰጣቸው 20ዎቹ 10ሩ ብቻ ይህ እንደ ደረሰባቸው አሳየ። በዚህ ሕመም የሚሠቃዩት የአገራችን ድኾች ለዓለም ሕክምና የሰጡት ይህ ትምህርት ከሌሎች የአገር ክብሮች ጋር ሊቈጠር ይገባዋል እላለሁ። በሳንባ ምችና በኩላሊት መመረዝ ጊዜ የሚመጣው መንዘፍዘፍም በዚሁ ሥርዓት የሚሄድ ስለ ሆነ እዘለዋለሁ።

አሁን ከሥጋ ብርድ ወደ ነፍስ ብርድ እንለፍ። መጽሐፍ ቅዱስን በዚህ ዐይን የመረመረ ሰው መንቀጥቀጥ ለአንድ ወገን ብቻ ያልተሰጠ መሆኑን ያገኛል። በሰብዓ ሊቃናት ትርጉም ወንድሙን የገደለው ቃየን በምድር ላይ የሚቃትትና የሚንቀጠቀጥ ሆኖ እንዲኖር ተፈርዶበታል፤ በደልንና መንቀጥቀጥን አንድ አድርጎ ማየት እንግዲህ እጅግ የቆየ ነገር ነው። ንጉሡ ብልጣሶርም በግድግዳው ላይ የምትጽፈውን እጅ ባየ ጊዜ ጕልበቶቹ ተብረክርከዋል። ነገር ግን በዚያው መጽሐፍ በሲና ተራራ ሥር የተሰበሰበው ሕዝብ ሁሉ፣ ሕግ ሊቀበል እንጂ ሊፈረድበት ሳይመጣ፣ ተንቀጥቅጧል፤ የኢዮብ ወዳጅ ኤልፋዝ በሌሊት ራእይ አጥንቶቹ ሲናወጡና የገላው ጠጕር ሲቆም የተረከው እንደ ጻድቅ መካሪ ሆኖ ነው፤ በትንሣኤ ማለዳ ከመቃብሩ የሮጡት ቅዱሳት አንስትም ምንም በደል ሳይኖርባቸው ይንቀጠቀጡ ነበር። ያዕቆብ ሐዋርያ እንደሚነግረንም አጋንንት ሳይቀሩ አምነው ይንቀጠቀጣሉ። እንግዲህ ነፍሰ ገዳዩም፣ ባለ ራእዩም፣ የምሥራቹ ምስክርም፣ ጋኔኑም የሚንቀጠቀጡ ከሆነ፣ አንድ ዳኛ ተከሳሹ ስለ ተንቀጠቀጠ ብቻ ወንጀለኛ ነው ብሎ ልቡን ሊያሳርፍ የሚችለው በየትኛው መጽሐፍ ተመርኩዞ ነው?

ፍርሃት ሥጋን የሚያንቀጠቅጥበትን መንገድ ሊቃውንተ ተፈጥሮ የመረመሩት ዘግይተው ነው። ቻርልስ ዳርዊን በ1872 ስለ ሰውና ስለ እንስሳት ስሜት አገላለጥ ባወጣው መጽሐፍ መንቀጥቀጥ ለፈሪው ምንም የማይጠቅም፣ እንዲያውም ብዙ ጊዜ የሚጎዳው ነገር መሆኑን አስተውሎ ተቸግሮበት ነበር። በ1915 የሐርቫርዱ ዋልተር ካነን በፍርሃትና በቍጣ ጊዜ ከኩላሊት በላይ ያሉት ዕጢዎች አድሬናሊን ወደ ደም እንደሚረጩ፣ ልብ እንደሚፈጥን፣ ስኳር ወደ ጡንቻ እንደሚላክ ሲያሳይ የችግሩ ግማሽ ተፈታ፤ የሚንቀጠቀጠው ጡንቻ ለመሮጥ ወይም ለመታገል ተዘጋጅቶ ሳለ ገና ሥራ ያልተሰጠው ጡንቻ ነው። ቅኔ ሊዘርፍ ከመምህሩ ፊት የቆመ ተማሪና የመጀመሪያውን ተኩስ የሚጠብቅ ወታደር በዚህ ረገድ አንድ ናቸው፤ ቅኔው ሲጀመር፣ ተኩሱም ሲከፈት እጁ የሚጸናው ስለዚህ ነው። አሜሪካዊው ዊልያም ጄምስ በ1884፣ ዴንማርካዊው ካርል ላንግም በዓመቱ፣ ከዚህ የሚደፍር ሐሳብ አቅርበዋል፤ እንደ እነርሱ ትምህርት ሰው ስለ ፈራ የሚንቀጠቀጥ ሳይሆን፣ የሥጋውን መንቀጥቀጥ ነፍሱ ስታስተውል ያን ማስተዋል ፍርሃት ብላ ትጠራዋለች። ካነን ይህን አጥብቆ ተቃውሟል፤ እኔም ጄምስ ያለው ከእውነት ግማሹ እንጂ ሙሉው ነው ብዬ አላምንም፤ ምክንያቱም በወባ የሚንዘፈዘፍ ሰው ሥጋው ሁሉ እየተናወጠ ልቡናው አይፈራም።

ስለ መንፈሳዊው ረዐድ ብዙ መናገር የሥነ መለኮት ሊቃውንት ፈንታ ነው፤ ሆኖም ሰዎች ስም እስኪወጣላቸው ድረስ የተንቀጠቀጡበትን ታሪክ ማለፍ አይቻልም። በ1650 በእንግሊዝ አገር በደርቢ ከተማ ጆርጅ ፎክስ የተባለ ሰባኪ ተከሶ ዳኛው ፊት በቀረበ ጊዜ ዳኛውን በእግዚአብሔር ቃል ፊት ተንቀጥቀጥ ብሎ ስለ ገሠጸው፣ ዳኛው ለእርሱና ለተከታዮቹ በንቀት ተንቀጥቃጮች የሚል ስም አወጣላቸው፤ ኩዌከር የተባለው ማኅበር እስከ ዛሬ የሚታወቀው በዚሁ ስም ነው። በአምልኮ ጊዜ በመወዛወዛቸውና በመንቀጥቀጣቸው ሼከር የተባሉትም በ1774 ከመሪያቸው ከአን ሊ ጋር ከእንግሊዝ ወደ አሜሪካ ተሻግረዋል። በ1843 በኮፐንሃገን ሶረን ኪርኬጎር አብርሃም ይስሐቅን ሊሠዋ የወጣበትን የሦስት ቀን መንገድ ሲመረምር ለመጽሐፉ ርእስ ያደረገው ፍርሃትንና መንቀጥቀጥን ነው፤ ቃሉን ያገኘው ጳውሎስ ለፊልጵስዩስ ሰዎች ከጻፈው መልእክት ነው።

በእኛም ዘንድ በጠበል ሥፍራ የሚታየው መንቀጥቀጥ ብዙ ሰው የሚጠይቅበት ነገር ነው። የእምነትን ነገር በሐኪም ሚዛን ብቻ እመዝናለሁ አልልም፤ ነገር ግን በጾም ሆዱ፣ በውርጭ ማለዳ፣ ከተራራ የወረደ ቀዝቃዛ ውሃ በራሱ ላይ የፈሰሰበት ጤነኛም ቢሆን እንደሚንዘፈዘፍ የታወቀ ነው፤ ከሚጠመቁትም መካከል ወባ የያዘው፣ የሚጥል በሽታ ያለበት፣ ኢንሱሊን ወስዶ ምግብ ሳይቀምስ የመጣ የስኳር በሽተኛ ሊኖር ይችላል። ይህ የመጨረሻው ሰው ላብ እያጠመቀው ሲንቀጠቀጥ ስኳር ወይም ማር የተበጠበጠበት ውሃ በአፋጣኝ ካልተሰጠው ራሱን ስቶ ሊሞት ይችላል። አጥማቂው ካህን አስቀድሞ የሚወስዱት መድኃኒት አለን ብሎ ቢጠይቅ የሃይማኖቱን ክብር አይቀንስም፤ ነፍስ ያድናል።

ከመልካም ነገር የሚመጣ መንቀጥቀጥም አለ። በሰሙነ ሕማማት የዜማው ድምፅ ዝቅ ብሎ ሲጀምር፣ ወይም የበገና ድርድር በጨለማ ሲሰማ፣ ከማጅራት ተነሥቶ በጀርባ የሚወርድ ውርር የሚያደርግ ነገር ብዙዎች ያውቃሉ። በ1980 አቭራም ጎልድስታይን በአሜሪካ ይህን ውርርታ ሲያጠና ሥጋ ራሱ የሚያመነጨውን የሕመም ማስታገሻ የሚያግድ መድኃኒት ቢሰጣቸው በአንዳንዶቹ ሰዎች ላይ ውርርታው እንደሚቀንስ አየ፤ በ2001 አን ብላድና ሮበርት ዛቶሬ በሞንትሪያል ሙዚቃ ውርር ሲያደርግ የሚነቁት የአንጎል ክፍሎች በምግብና በሌላም ደስታ ጊዜ የሚነቁት መሆናቸውን በምስል አሳዩ። ለብርድ ጠጕርን የምታቆመው ሥጋ ለዜማም ማቆምዋ፣ ተፈጥሮ አንዱን መሣሪያ ለስንት አገልግሎት እንደምታውለው ያስረዳል።

አሁን የቀረው በጣም የሚከብደኝ ክፍል ነው፤ ብርድም፣ ትኩሳትም፣ ፍርሃትም ሳይኖር የሚንቀጠቀጡ እጆች ነገር። አስቀድሞ ሊታወቅ የሚገባው ፍጹም የማይንቀጠቀጥ እጅ አለመኖሩ ነው፤ የማንኛውም ጤነኛ ሰው እጅ ተዘርግቶ ሲቆይ በሴኮንድ ከ8 እስከ 12 ጊዜ ለዐይን በማይታይ መጠን ይርገበገባል፤ ድካም፣ ጭንቀት፣ ብዙ ቡና ይህን ያጎሉታል። ሕማም የሆነው መንቀጥቀጥ ከዚህ የተለየ ነው። በ1817 ጄምስ ፓርኪንሰን የተባለ የለንደን ሐኪም ስለሚያንቀጠቅጥ ሽባነት ትንሽ መጽሐፍ አወጣ፤ የገለጣቸው ሰዎች 6 ብቻ ሲሆኑ አንዳንዶቹን ያገኛቸው በመንገድ ላይ ነው። ዐይኑ ግን እጅግ የተሳለ ነበር፤ እጁ ሥራ ሲፈታ የሚንቀጠቀጥ፣ ሲንቀሳቀስ የሚረግብ፣ አካሄዱ ወደ ፊት ያዘነበለና የሚጣደፍ፣ አእምሮው ግን ያልተነካ ሰው በምን እንደሚታወቅ ለይቶ ጻፈ። ከዓመታት በኋላ ፈረንሳዊው ሻርኮ በሽታውን በፓርኪንሰን ስም ጠራው። መንስኤውን ለማወቅ ከመቶ ዓመት በላይ ወሰደ፤ በ1919 ኮንስታንቲን ትሬትያኮፍ በመካከለኛው አንጎል ያለው ጥቁር ቀለም ያለው ክፍል በእነዚህ በሽተኞች ላይ እንደ መነመነ አየ፤ በ1950ዎቹ መጨረሻ ስዊድናዊው አርቪድ ካርልሶን ዶፓሚን የሚባለውን ንጥረ ነገር ጥቅም አገኘ፤ በ1960 ኦሌህ ሆርኒኪየቪች በቪየና ዶፓሚን ከሟቾቹ አንጎል እንደ ጎደለ አስመሰከረ፤ በ1967 ጆርጅ ኮትዚያስ ሌቮዶፓን በአፍ በብዛት በመስጠት ከአልጋ የማይነሡ ሰዎችን አስነሣ። በ1987 ደግሞ አሊም ሉዊ ቤናቢድ በግረኖብል ቀጭን ሽቦ ወደ አንጎል ዘልቆ በኤሌክትሪክ ኀይል መንቀጥቀጡን እንዲያበርድ አደረገ።

ይህ በሽታ የያዘው ሰው የሚሠቃየው በሽታው በሚያመጣው ድርቀትና ዝግታ ብቻ አይደለም። ፊቱ ስሜት ማሳየት ስለሚያቅተው ኮስታራ ይመስላል፣ ድምፁ ይሰልላል፣ በሰው መካከል ሲኒ ሲያነሣ ሁሉ ወደ እጁ ያያል፤ በዚህ ምክንያት ከለቅሶም ከሠርግም የሚቀሩ ሽማግሌዎች አሉ። ጎረቤት እርጅና ነው ብሎ ሲያልፈው ወይም በማኅበር ጽዋ ላይ ሲሣቅበት ማየት ያሳዝነኛል።

ከፓርኪንሰን በሽታ ይልቅ የሚበዛው ግን ሌላ ነው፤ እጅ ሲያርፍ የሚጠፋ፣ ጽዋ ሲያነሡ፣ ሲጽፉ፣ ማንኪያ ወደ አፍ ሲያቀርቡ የሚመጣ፣ ብዙ ጊዜ ከወላጅ የሚወረስ መንቀጥቀጥ ነው። ራስንና ድምፅንም ሊይዝ ይችላል። የዚህ ሕማም ፈተና ጥቂት አልኮል ለጊዜው የሚያበርደው መሆኑ ነው፤ በመጠጥ የተረጋጋ እጅ መጠጡ ሲለቅ ብሶ ይንቀጠቀጣልና፣ ሰውየው ሳያውቀው ከሕማሙ ላይ ሌላ ሕማም ይደርባል፤ መጀመሪያ ሳይጠጣ ሰካራም የተባለው በስተኋላ ጠጪ ሆኖ ይገኛል። በእውነት ለብዙ ዘመን የጠጣ ሰው ባንድ ጊዜ ሲያቋርጥ የሚመጣው መንቀጥቀጥ ደግሞ ከዚህ የከፋ ነው፤ ቶማስ ሳተን በ1813 ስም ያወጣለት ይህ ሕማም በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን የሌለ ነገር እያሳየ፣ እያቃዠ፣ አንዳንዴም እየገደለ የሚመጣ ስለ ሆነ፣ ከመጠጥ ሊላቀቅ የወሰነ ሰው በሐኪም ጥበቃ ሥር ቢሆን ይሻለዋል። የእንቅርት ዕጢ ከልክ በላይ ሲሠራ ቀጭንና ፈጣን መንቀጥቀጥ ያመጣል፤ ሜርኩሪ የሚነኩ የባርኔጣ ሠራተኞች በአውሮፓና በአሜሪካ ይንቀጠቀጡ ነበር፤ በፓፑዋ ኒው ጊኒ የፎሬ ሕዝብ ኩሩ ብለው በሚጠሩት፣ የሙታንን ሥጋ በለቅሶ ሥርዓት ከመብላት በመጣ መንቀጥቀጥ ብዙ ሴቶችና ሕፃናት አልቀዋል። የሚጥል በሽታ ግን ብዙ ጊዜ ራስን ከመሳት ጋር የሚመጣ ስለ ሆነ ከእነዚህ ጋር ሊደባለቅ አይገባውም።

በአገራችን ይህን ነገር በቈጠራ ለማወቅ የተደከመበት ዋናው ሥራ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በቡታጅራ ዙሪያ ቤት ለቤት ዞረው ያደረጉትና በ1990 የታተመው ነው፤ ከ60,820 ሰዎች መካከል የሚጥል በሽታ ያለባቸው ከሺህ 5 በላይ ሲሆኑ፣ የፓርኪንሰን በሽታ ያለባቸው ግን ከመቶ ሺህ 7 ያህል ብቻ ሆነው ተገኙ። በሽታው የሚበዛው በእርጅና ዘመን ስለ ሆነ ወጣት በሚበዛበት ሕዝብ ዘንድ ቍጥሩ ማነሱ አያስገርምም፤ የኢትዮጵያውያን ዕድሜ እየረዘመ በሄደ መጠን ግን የሚንቀጠቀጡ እጆች መብዛታቸው አይቀርም፤ ስለዚህ የጤና ጣቢያ ነርስ ሁሉ ከወዲሁ ሊማረው የሚገባ ነገር አለ።

ትምህርቱም ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። በሽተኛው እጆቹን በጭኑ ላይ አሳርፎ እንዲቀመጥ ይደረጋል፤ በዚያ ሰዓት የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ወደ ፓርኪንሰን ያዘነብላል። ቀጥሎ እጆቹን ወደ ፊት እንዲዘረጋ፣ ከዚያም ጣቱን ወደ አፍንጫው እንዲያመጣ ይታዘዛል፤ በመዘርጋቱ የሚብስ የውርሱን ዐይነት፣ ወደ ዒላማው ሲቃረብ የሚብስ የትንሹን አንጎል ሕማም ያመለክታል። ለሚጽፍ ሰው ደግሞ ብዕርና ወረቀት ይበቃል፤ የፓርኪንሰን በሽተኛ ፊደሉ ከመሥመር ወደ መሥመር እያነሰ ይሄዳል፣ የውርሱ ዐይነት ያለበት ግን በትልልቁና በሚወዛወዝ ፊደል ይጽፋል፤ ዕድሜ ልኩን ብራና ሲጽፍ የኖረ ቁም ጸሐፊ ቢሆን አሮጌውንና አዲሱን ጽሑፉን ጎን ለጎን አስቀምጦ መመልከት ሕማሙ የጀመረበትን ዘመን ሳይቀር ሊያሳይ ይችላል። ሌቮዶፓ ከካርቢዶፓ ጋር የተቀመመው ክኒንና ፕሮፕራኖሎል ሁለቱም በዓለም ጤና ድርጅት መሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ የሚገኙ ናቸው፤ የመጀመሪያው ለፓርኪንሰን፣ ሁለተኛው ለውርሱ መንቀጥቀጥ ይሰጣል፤ አስም ያለበት ሰው ግን ፕሮፕራኖሎል ቢወስድ ትንፋሹ ሊታገድ ስለሚችል፣ ሐኪሙ ማዘዣውን ከመጻፉ በፊት ይህን መጠየቅ ይኖርበታል።